ሐኪም ለመሆን ላሰበ ልጅ የቱ ኮሌጅ ይሻላል? የአሜሪካው አካሄድ ሲብራራ

በኢትዮጵያ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ይገባና፣ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች ጨርሶ በውጤቱ መሠረት ሕክምና ይመደባል፤ «ሕክምና ደረሰው» ከተባለ በኋላ የሚቀረው ትምህርቱን መጨረስ እንጂ ሌላ የመግቢያ ፉክክር አይደለም። የአሜሪካው አካሄድ ከዚህ በጣም ይለያል። እዚህ ተማሪው በቅድሚያ 4 ዓመት ኮሌጅ ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ እንደ አዲስ አመልክቶ፣ ፈተና ተፈትኖና ቃለ መጠይቅ ቀርቦ ሜዲካል ስኩል ይገባል፤ እዚያም ሌላ 4 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደሚመርጠው ዘርፍ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሚወስድ ሬዚደንሲ (በሆስፒታል የሚሰጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ይጠብቀዋል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አሁን የሚመርጠው ሕክምና የሚማርበትን ቦታ ሳይሆን፣ ከ4 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ዋና ፉክክር የሚዘጋጅበትን ቦታ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በሲያትል፣ በዳላስም ሆነ በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን በኮሌጅ ምርጫ ላይ ከሚነሱባቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ይህ ልዩነት በቅጡ ሳይጠራ በመቅረቱ ነው።

«ሜዲካል ስኩል ያለው ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይሻላል» የሚለውን ሐሳብ እንውሰድ። ጆንስ ሆፕኪንስ በዓለም ከታወቁት ሜዲካል ስኩሎች አንዱ አለው፤ ነገር ግን በሰሜን ባልቲሞር በሚገኘው የሆምውድ ካምፓስ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ፣ በምሥራቅ ባልቲሞር ለሚገኘው ሜዲካል ስኩል ጊዜው ሲደርስ የሚያመለክተው ከማንኛውም ኮሌጅ እንደመጣ ተማሪ ተወዳድሮ ነው። ሆስፒታሉና የምርምር ላብራቶሪዎቹ በቅርብ መገኘታቸው ይጠቅመዋል፣ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ የመግቢያ ዋስትና ግን አይሆነውም።

«ፕሪ-ሜድ» የሚባለውም እንደዚሁ ግራ የሚያጋባ ነው። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ፕሪ-ሜድ የሚባል የትምህርት ክፍል የለም፤ ተማሪው የፈለገውን ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ይይዝና፣ ሜዲካል ስኩሎች የሚጠይቋቸውን ኮርሶች ጎን ለጎን ያሟላል ማለት ነው። እነዚህም ከነላብራቶሪያቸው አንድ አንድ ዓመት የሚወሰዱ ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ በተጨማሪም ባዮኬሚስትሪ፣ የሒሳብ ወይም የስታቲስቲክስ ኮርስና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ናቸው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ይለያያል፤ ለመግቢያ ፈተናው ደግሞ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ መማር ያስፈልጋል። እነዚህን ኮርሶች የማይሰጥ ዕውቅና ያለው የ4 ዓመት ኮሌጅ ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ «ጥሩ የፕሪ-ሜድ ፕሮግራም አለው» የሚለው የኮሌጆች ማስታወቂያ ብቻውን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ ኮሌጆችን የሚለያያቸው ሌላ ነገር ነው።

ሜዲካል ስኩል ምን ያያል?

ወደ ኮሌጆቹ ልዩነት ከመሄዳችን በፊት፣ ልጁ ከ4 ዓመት በኋላ በምን እንደሚመዘን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር መረጃ መሠረት በቅርብ ዓመታት ኤምዲ የሚባለውን የሕክምና ዶክተር ዲግሪ ለሚሰጡ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከሚያመለክቱት ወደ 52 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል የሚገቡት 23 ሺህ ገደማ ናቸው። የገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ 3.8 ሊደርስ ትንሽ የቀረው ሲሆን፣ ኤምካት በሚባለውና ከ472 እስከ 528 በሚመዘነው የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና አማካይ ውጤታቸው 512 አካባቢ ነው። የዲኦ ዲግሪ የሚሰጡ የኦስትዮፓቲ ትምህርት ቤቶች አማካይ ውጤታቸው ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ከእነርሱ የሚመረቀውም ሙሉ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ተማሪው ከሕመምተኞች ጋር ያሳለፈው ጊዜ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራው፣ ምርምሩ፣ መምህራን የሚጽፉለት የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቁ ይታያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አምካስ የሚባለው ማዕከላዊ የማመልከቻ አገልግሎት ኮሌጁ ያሰላውን ጂፒኤ እንዳለ አይቀበልም፤ ተማሪው በሕይወቱ የወሰዳቸውን የኮሌጅ ኮርሶች በሙሉ ሰብስቦ ራሱ ያሰላል፤ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ኮርሶችንም ለብቻ አውጥቶ ሁለተኛ አማካይ ይሠራላቸዋል። በአንድ ኮርስ ሲ ያመጣ ተማሪ ኮርሱን ደግሞ ኤ ቢያመጣ ሁለቱም ውጤቶች ይቆጠራሉ። ልጁ ገና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በአቅራቢያው ባለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የ2 ዓመት ኮሌጅ) የወሰደው ኮርስም ይቆጠራል። «ለልምድ ያህል ይሞክረው» ተብሎ በችኮላ የተወሰደ ኮርስ ከ5 ዓመት በኋላ በማመልከቻው ላይ ብቅ ይላል።

ጂፒኤ አንዴ ከወረደ ማንሳት ለምን እንደሚከብድ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ዲግሪው 120 ክሬዲት ነው እንበል። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በወሰደው 30 ክሬዲት 2.8 ቢያመጣ፣ 84 ነጥብ ይዟል ማለት ነው። ሲመረቅ 3.7 እንዲሆንለት በጠቅላላው 444 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከቀሩት 90 ክሬዲቶች 360 ነጥብ ማግኘት አለበት፤ ይህም በሦስቱ ቀሪ ዓመታት በእያንዳንዱ ኮርስ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ጨምሮ፣ ያለ አንዲት ቢ ኤ ብቻ ማምጣት ማለት ነው። የሚያደርጉት የሉም አይባልም፣ ሜዲካል ስኩሎችም ከዓመት ዓመት የሚሻሻል ውጤትን በበጎ ያዩታል። ነገር ግን ኮሌጅ ስንመርጥ ከሁሉ በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ከዚህ ስሌት ይመነጫል፤ ይኸውም «ይህ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት በጥሩ ውጤት ሊያልፍ የሚችለው የት ነው?» የሚለው ነው።

ስም ወይስ ውጤት?

የኮሌጅ ስም ምንም ዋጋ የለውም ማለት ውሸት ይሆናል። በተለይ አንዳንድ የግል ሜዲካል ስኩሎች አመልካቹ የተማረበትን ኮሌጅ ክብደት ግምት ውስጥ ያስገባሉ፤ ታዋቂ ኮሌጆችም የምርምር ዕድልና ጥሩ አማካሪ አያጡም። ነገር ግን ስሙ ዝቅ ያለ ውጤትን አይሸፍንም። ከታወቀ ኮሌጅ 3.3 ይዞ የወጣና ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ 3.85 ይዞ የወጣ፣ በሌላው ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ተማሪዎች ቢወዳደሩ፣ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ሁለተኛው የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ወላጅ ለስም የሚሰጠው ግምት ከዚህ እውነታ ጋር አይመጣጠንም ባይ ነኝ፤ ለዚህም ምክንያቱ የኮሌጁ ስም በሠርግና በለቅሶ ቤት የሚነገር ሲሆን ጂፒኤ ግን የማይነገር መሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሌጆች በውጤት አሰጣጥም ይለያያሉ። ፕሪንስተን ከ2004 እስከ 2014 ድረስ በኮርሶች ውስጥ ከሚሰጡት ውጤቶች የኤ ደረጃዎቹ ከ35 በመቶ እንዳይበልጡ የሚመክር ፖሊሲ ነበረው፤ ተማሪዎች በሥራና በትምህርት ፉክክር ይጎዳሉ የሚል ቅሬታ በርክቶ ነው የተተወው። ዛሬ እንዲህ በግልጽ የተጻፈ ገደብ ያለው ኮሌጅ ብዙ አይደለም፤ በተግባር ግን በብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የሚማሩትና ውጤቱም በከርቭ የሚሰጥ ነው። ከርቭ ማለት የተማሪው ውጤት የሚወሰነው ባወቀው መጠን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ከተቀመጡት ጋር ተነጻጽሮ ነው ማለት ነው። ከጎኑ የተቀመጡት ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ ካልኩለስና አድቫንስድ ኬሚስትሪ ጨርሰው የመጡ ከሆኑና እርሱ ኬሚስትሪን በአንድ ዓመት ደካማ ክፍል ውስጥ ብቻ ያየ ከሆነ፣ ጉብዝናው ሳይጓደል ሲ ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ልጁ ከኮሌጁ ተማሪዎች አንጻር የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ መገመት ይጠቅማል። ኮሌጆች የገቡላቸውን ተማሪዎች የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት ስርጭት በየዓመቱ ያወጣሉ፤ የልጁ ውጤት ከላይኛው ሩብ ውስጥ ከሆነ በሳይንስ ኮርሶቹም ተደላድሎ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ከታችኛው ሩብ ውስጥ ከሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ይህ መለኪያ ፍጹም አይደለም። ፈተና የማይቀናቸው ግን በትጋት የሚበልጡ ልጆች አሉ፤ ሀብታም የሆኑት ኮሌጆች ደግሞ ነጻ አስጠኚ፣ የክረምት መሸጋገሪያ ትምህርትና በቅርብ የሚከታተል አማካሪ ስለሚመድቡ ዝቅ ካለ ትምህርት ቤት የመጣውንም ያነሳሉ። ይህን ለማጣራት ኮሌጁ ሲጎበኝ ከአስጎብኚው ይልቅ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ተማሪዎች ማናገር ይሻላል፤ ክፍሉ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ መምህሩ በቢሮ ሰዓት ይገኝ እንደሆነ፣ ነጻ ማስጠናት እንዳለ፣ ስንቱ ኮርሱን አቋርጦ እንደሚወጣ እነርሱ አይደብቁም።

«ከተማሪዎቻችን 90 በመቶ ሜዲካል ስኩል ገብተዋል»

ኮሌጆች በብዛት ከሚጠቅሷቸው ቁጥሮች ይህን የመሰለው ነው ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ ምክንያቱም ውሸት ሳይሆን ሊያሳስት ይችላል። በአንዳንድ ኮሌጆች አመልካቹን ገምግሞ በተቋሙ ስም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ኮሚቴ አለ። አንዳንዱ ኮሚቴ ለሁሉም ይጽፋል፤ አንዳንዱ ግን ጂፒኤው ከተወሰነ ደረጃ በታች ለሆነ ተማሪ አይጽፍም፣ ወይም «ዘንድሮ ባታመለክት ይሻላል» ብሎ ያስቀረዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት 400 ተማሪዎች ሐኪም ለመሆን አስበው ጀመሩ፣ እስከ መጨረሻው ዘልቀው የኮሚቴውን ድጋፍ ያገኙት 60 ናቸው፣ ከእነርሱም 54ቱ ገቡ እንበል። ኮሌጁ 90 በመቶ ቢል አልዋሸም፤ ወላጅ ማወቅ የሚፈልገው ግን ከ400ው ስንቱ እንደደረሰ ነው፣ እርሱም ከ14 በመቶ በታች ነው። በእርግጥ ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ሐሳባቸውን የቀየሩ ናቸው፤ የ18 ዓመት ልጅ ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ ጥፋት የለበትም።

ስለዚህ የኮሌጁን የጤና ሙያ አማካሪ ቢሮ በኢሜይል መጠየቅ የሚገባው «ስንት በመቶ ይገባሉ?» ተብሎ ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪዎች አመለከቱ፣ ስንቱ ገቡ፣ ኮሚቴው ድጋፍ የሚነፍገው ተማሪ አለ ወይ፣ ካለስ በምን መስፈርት፣ ለስንት ተማሪ አንድ አማካሪ ይደርሰዋል፣ ከተመረቀ በኋላስ ከ2 ዓመት ቆይቶ የሚያመለክት የቀድሞ ተማሪ አገልግሎቱን ያገኛል ወይ ተብሎ ነው። ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ ኮሌጅ በዚህ ብቻ ብዙ ነጥብ ያገኛል።

ጥቁር ተማሪዎችን ለሕክምና በማብቃት በተግባር የታወቁ ተቋማት መኖራቸውም መረሳት የለበትም። በኒው ኦርሊንስ የሚገኘው ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ትንሽና ብዙም ሀብት የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ሜዲካል ስኩል የሚገቡ ጥቁር ተመራቂዎችን በብዛት በማፍራት ለረጅም ዓመታት በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ ተማሪን ለማጣራት ሳይሆን ለማብቃት በሚያስችል መንገድ ይሰጣል፣ ተማሪዎቹ በቡድን ያጠናሉ፣ አማካሪዎቹም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይከታተላሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ደግሞ በ1868 የተመሠረተ የራሱ ሜዲካል ስኩል ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ካምፓስ ከ1988 ጀምሮ የሚያካሂደው የማየርሆፍ ስኮላርሺፕ ስሙ የተጠራ ነው፤ ነገር ግን ዓላማው ተመራማሪ ሳይንቲስቶችን ማፍራት ስለሆነ የሚመጥነው ፒኤችዲ ወይም ኤምዲና ፒኤችዲን አጣምሮ ለመሥራት ለሚፈልግ ተማሪ እንጂ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪም መሆን ብቻ ለሚፈልግ አይደለም።

ገንዘቡ

የገንዘቡ ጉዳይ በ2025 በወጣው ሕግ ምክንያት ከበፊቱ ይልቅ ከብዷል። ከዚያ በፊት የሜዲካል ስኩል ተማሪ ግራድ ፕላስ በሚባለው የፌዴራል ብድር የትምህርቱን ሙሉ ወጪ መበደር ይችል ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህ ብድር ተቋርጦ፣ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት ሊበደር የሚችለው በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው ደግሞ 200 ሺህ ዶላር ሆኗል፤ ከመጀመሪያ ዲግሪው ብድር ጋር ተደምሮ በዕድሜው ሊበደር የሚችለው ጣሪያ 257,500 ዶላር ነው። በብዙ የግል ሜዲካል ስኩሎች ኑሮን ጨምሮ የዓመቱ ወጪ ከ90 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከስኮላርሺፕ፣ ከቤተሰብ ወይም ፈራሚ ተያዥ ከሚጠይቅና ወለዱ ከሚከብድ የባንክ ብድር መምጣት አለበት። ወላጆች ለልጃቸው ኮሌጅ የሚበደሩት ፓረንት ፕላስም ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ተገድቧል። በኮሌጅ ጊዜ የወጣ እያንዳንዱ ዶላርና የተቆለለ ብድር፣ ጫናው የሚሰማው ሜዲካል ስኩል ሲደረስ ነው።

በኤፕሪል ወር ከኮሌጆች የሚመጣው የእርዳታ ደብዳቤ አነባበብ ይጠይቃል። አንድ የግል ኮሌጅ ዓመታዊ ወጪው 88 ሺህ ዶላር ሆኖ «60 ሺህ ዶላር እርዳታ ሰጥተንሃል» ቢል፣ ከ60 ሺሁ ውስጥ 5,500 የተማሪ ብድር፣ 2,500 ደግሞ ተማሪው በካምፓስ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው የነጻ ገንዘብ 52 ሺህ ነው፣ ቤተሰቡ ላይ የሚወድቀውም 36 ሺህ። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወጪው 30 ሺህ ሆኖ 8 ሺህ ስኮላርሺፕ ቢሰጥ የቀረው 22 ሺህ ነው። በደብዳቤው ላይ 60 ሺህ ከ8 ሺህ ጋር ሲታይ የመጀመሪያው ለጋስ ይመስላል፤ በ4 ዓመት ግን ስቴቱ 56 ሺህ ዶላር ይረክሳል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ ይሠራል።

ነገሩ ሁልጊዜ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ያመራል ማለት ግን አይደለም። ትልቅ የገንዘብ ቋት ያላቸው የግል ዩኒቨርሲቲዎች የቤተሰቡን ገቢ አይተው ይረዳሉ፤ ሃርቫርድ ለምሳሌ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ የተለመደ ንብረት ላላቸው ቤተሰቦች ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል። አባት ታክሲ፣ እናት በአረጋውያን መርጃ እየሠሩ ለሚያስተዳድሩት ቤት እንዲህ ያለው ኮሌጅ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ የተጣራ ወጪ ማስሊያ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል፤ የቤተሰቡን ገቢ አስገብቶ ማስላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ከጎረቤት ወሬ ይልቅም ይታመናል።

ስቴትና የመኖሪያ ፈቃድ

የመንግሥት ሜዲካል ስኩሎች ለስቴታቸው ነዋሪዎች ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ክፍያውም ለነዋሪ ይቀንሳል። በቴክሳስ የመንግሥት ሜዲካል ስኩሎች ቢያንስ 90 በመቶ የስቴቱን ነዋሪዎች መቀበል አለባቸው፤ ስቴቱ በተጨማሪም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ተማሪዎች በ2001 በሕግ የተቋቋመ፣ ሜዲካል ስኩል እንዲገቡ የሚያግዝ ጃምፕ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ በዳላስና በሂውስተን ያሉ ቤተሰቦች ሊያውቁት ይገባል። በሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ስኩል ከዋሽንግተን፣ ከዋዮሚንግ፣ ከአላስካ፣ ከሞንታናና ከአይዳሆ ለሚመጡ ተማሪዎች ነው በዋናነት የተቋቋመው። ተማሪው ኮሌጅ ለመማር ሌላ ስቴት ቢሄድም ወላጆቹ ባሉበት ስቴት ነዋሪነቱን በአብዛኛው አያጣም፤ ሆኖም ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከመወሰን በፊት ማጣራት ተገቢ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ከዚህም ይበልጣል። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ለፌዴራል እርዳታም ሆነ ለሜዲካል ስኩል እንደ ዜጋ ነው የሚታየው። በተማሪ ቪዛ ላለ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ሜዲካል ስኩሎች ጭራሽ አይቀበሉም፣ የሚቀበሉትም አንዳንዶቹ የበርካታ ዓመታት ወጪ በቅድሚያ በባንክ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን በተማሪ ቪዛ ልከው «ኮሌጁን ይጨርስና ሕክምና ይቀጥላል» ብለው ያሰቡ ወላጆች ይህን ከመጀመሪያው ቢያውቁት ይመረጣል።

ኮሚኒቲ ኮሌጅና ነርሲንግ

እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ ያሉ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የመጀመሪያ በር ሆነዋል፤ በእነርሱ በኩል ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ሐኪም የሆኑ አሉ። ጥቅማቸው ርካሽነታቸውና ክፍላቸው ትንሽ መሆኑ ነው። ጉዳታቸው አንዳንድ ሜዲካል ስኩሎች የሳይንስ ኮርሶቹ በ4 ዓመት ኮሌጅ ቢወሰዱ የሚመርጡ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ከተዛወረ በኋላ ባዮኬሚስትሪን፣ ፊዚዮሎጂንና ሌሎች ከፍ ያሉ የሳይንስ ኮርሶችን በዩኒቨርሲቲው ወስዶ በጥሩ ውጤት ማለፍ አለበት። በሁለተኛ ደረጃ በተወሰደ የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ) ኮርስ ኬሚስትሪን መዝለልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል፣ ሁሉም ሜዲካል ስኩል አይቀበለውምና።

«በቅድሚያ ነርሲንግ ይማርና ሥራ ይያዝ፣ ከዚያ ሐኪም ይሆናል» የሚለው ምክር በየቤቱ ስለሚሰማ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ነርስ ሆኖ ሐኪም መሆን ይቻላል። ነገር ግን የነርሲንግ ተማሪዎች የሚወስዱት ኬሚስትሪ በአብዛኛው ለጤና ሙያዎች ተብሎ የተዘጋጀ አጭር ኮርስ ነው፤ ሜዲካል ስኩል የሚፈልገውን የዓመት ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክና ፊዚክስ አይተካም። ተማሪው ዲግሪውን ይዞ እነዚህን ሁሉ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ነርሲንግን የሚመርጥ ሰው ነርሲንግን ወድዶ ቢመርጠው ይሻላል።

ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ኮሌጅንም ሜዲካል ስኩልንም አንድ ላይ የሚያስገቡ ጥምር ፕሮግራሞችም አሉ፤ በብራውን የ8 ዓመት፣ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ሲቲ ካምፓስ የ6 ዓመት ፕሮግራም ተጠቃሽ ናቸው። የሚገቡት እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ማመልከት አይከፋም፣ ዕቅድን በእነርሱ ላይ መመሥረት ግን አይመከርም።

ቤት ሆኖ መማር፣ ልምድና ጊዜ

ከቤት እየተመላለሱ መማር በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊያድን ይችላል፤ ከላይ ስለ ብድር ከተባለው አንጻር ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም በቤታችን ያለ ተማሪ ተማሪ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዋ ልጅ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ ለእናቷ ከሐኪም ቤት የመጣውን ወረቀት ትተረጉማለች፣ ቅዳሜና እሁድ ክርስትናም ሠርግም አለ። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ደግሞ 3 ሰዓት ይወስዳል፣ የቡድን ጥናት ማታ ነው፣ መምህሩም የሚገኘው በቢሮ ሰዓቱ ነው። ልጅቷ ቤት እንድትሆን ከተወሰነ፣ በሴሚስተሩ የፈተና ሳምንታት ከቤት ኃላፊነት ነጻ እንደምትሆን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተቻለ የዶርሙ ወጪ ተገቢ ወጪ ሊሆን ይችላል።

ለሕመምተኛ ቅርብ የሆነ ልምድ ለማግኘት ሆስፒታል በአቅራቢያው ያለው ኮሌጅ ይመረጣል፣ መኪና ለሌለው ተማሪ በተለይ። ልምዱ የግድ በነጻ የሚሠራ መሆን የለበትም። በነርስ ረዳትነት፣ በአምቡላንስ ወይም ሐኪሙ የሚናገረውን በመመዝገብ ደመወዝ እየተከፈለ የተሠራ ሥራ በማመልከቻው ላይ እኩል ይቆጠራል፤ እንዲያውም የቤተሰቡን ኪራይ ለማገዝ የሠራ ተማሪ ያንን በግልጽ ቢጽፈው ይጠቅመዋል። አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ መቻልም ሀብት ነው፤ ሆስፒታሎች ግን ያልሠለጠነ ሰው እንዲያስተረጉም ስለማይፈቅዱ፣ የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና በአካባቢው መኖሩን መጠየቅ ብልህነት ነው። ከዚህ ሌላ በኮሌጅ የመጀመሪያና ሁለተኛ ዓመት ላይ ላሉ ተማሪዎች በየክረምቱ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ሲሰጥ የቆየው፣ በምህጻሩ ሸፕ የሚባለው የጤና ሙያዎች ፕሮግራም መቀጠሉን መጠየቅ ይጠቅማል፤ ለኤምካትና ለማመልከቻ ክፍያም የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አመልካቾች የክፍያ እርዳታ ይሰጣል።

ስለ ሜጀር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባዮሎጂና ተዛማጅ ዘርፎችን ያጠኑ ቢሆኑም፣ ታሪክ ወይም ሒሳብ አጥንቶ ተፈላጊ ኮርሶችን ያሟላ ተማሪም እኩል ይታያል። ይልቅስ መታየት ያለበት ልጁ ሐሳቡን ቢቀይር ኮሌጁ ሌላ ምን እንደሚያቀርብለት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ የሕዝብ ጤና ወይም ምሕንድስና ደካማ የሆነበት ኮሌጅ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ሕክምናን ለተወ ተማሪ መውጫ አያሳየውም።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው። ሜዲካል ስኩል ከሚገቡት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኮሌጅ በቀጥታ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተው ወይም ተመራምረው የሚገቡ ናቸው። ወላጅ ይህን እንደ መክሸፍ ስለሚያየው ልጁ ሳይዘጋጅ በሦስተኛው ዓመት እንዲያመለክት ይገፋል፤ ተቀባይነት ያጣ ማመልከቻ ደግሞ ዳግም ሲቀርብ ምን እንደተሻሻለ ይጠየቃል። ስለዚህ የ4 ዓመቱን ወጪ ስታሰሉ አንድ ተጨማሪ ዓመት እንደሚኖር ቆጥራችሁ አስሉ። አብዛኞቹ ኮሌጆች የመጨረሻ መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ከተሞላ በኋላ ቀንሶ ከሆነ ወይም ሌላ ተመጣጣኝ ኮሌጅ የተሻለ እርዳታ ሰጥቶ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት ለእርዳታ ቢሮው ማስረጃ አያይዞ በደብዳቤ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ በትሕትና የተጻፈና ሰነድ የተያያዘበት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመረመራል፣ አንዳንዴም ጥቂት ሺህ ዶላር ይጨምራል።